ጽዩፉ ዳኜና የመኪናው ትንፋሽ

ሄሉ ውስጥ የዳኜን መኪና የማያውቅ ሰው የለም። ነጭ ፕሮቦክስ ናት። ወንበሮቿ ወፍራም ላስቲክ ለብሰዋል፣ መስኮቶቿ ክረምት ከበጋ ዝግ ናቸው፣ ውስጧ ሁልጊዜ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። በዚያ ዓመት ግን ከመሪው ጎን ካለው ክሩስኮት ቀዳዳዎች የሚወጣው የማቀዝቀዣ አየር ሙቅ ነበር። ሙቅ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ለብ ያለ፣ እርጥብ፣ ሰው አፍ ውስጥ አድሮ የወጣ የሚመስል ነበር። ከጎኑ ተቀምጬ ያ ትንፋሽ ፊቴን ሲልሰኝ በመዳፌ እጠርገው ነበር። እሱ ደግሞ ቁልፉን እየተጫነ «ይኸው በርቷል እኮ ጋሼ፣ መብራቱ በርቷል» ይለኛል። መብራቱማ በርቷል። በዚህ ከተማ መብራቱ በርቶ ነገሩ የማይሠራው ስንት አለ።

የከተማው ሰው ጽዩፉ ዳኜ ይለዋል። ይህን ቃል ብዙ አስቤበታለሁ። በግዕዙ ጽዩፍ ማለት ሰዎች የሚጸየፉት ነው፤ የረከሰ፣ የተጣለ። በአማርኛችን ግን የሚጸየፈው ሰው ራሱ ጽዩፍ ይባላል። ቃሉ ከአንደኛው ወደ ሌላኛው መቼ እንደተሻገረ አላውቅም። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸውን ግን የቋንቋ ስንፍና ነው ብዬ አላልፈውም።

አባቱ ከመንዝ ተነሥተው ሲነግዱ ሲነግዱ ሞያሌ የደረሱ፣ ኬላውን ተሻግረው በኬንያ በኩል ሄሉ ላይ ቤት የሠሩ ሰው ነበሩ። እናቱ እሱን ወልዳ ሞተች። ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ እታለማሁ ናት፤ ያኔ ራሷም ልጅ ነበረች። ቀን ለሾፌሮች ወጥ እየሠራች፣ እሱን በጀርባዋ አዝላ፣ ማታ የሾፌሮቹን ሳህን ታጥባለች። ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ሲደፈን በአፏ መጥጣ ታወጣለት ነበር፤ በኛ አገር እናቶች እንደሚያደርጉት። ይህን እኔ ፊት እየሳቀች ስታወራው ዳኜ ተነሥቶ ወጥቷል። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ በር ላይ ቆሞ ሲተፋ ሰማሁት።

እንዲህ ያለ ሰው የሳሙና ሱቅ ቢከፍት ምን ይገርማል። ከናይሮቢ የሚመጣውን ሳሙና ለዚህም ለዚያ ማዶም ይሸጣል። ለቅሶ ቤት የራሱን ኩባያ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ለጋብቻ ታጭቶ ነበር። የልጅቱ እናት በእጃቸው ጠቅልለው ጉርሻ ሲዘረጉለት እሱ ጥፍራቸውን አየ። «ይቅርታ እማማ፣ ጨጓራዬን ያመኛል» አለ። ሴትዮዋም «ጨጓራስ ይድናል፣ የታመመው ዓይንህ ነው» ብለው ጉርሻውን ለድመት ጣሉት። ነገሩ በዚያው ቀረ።

እታለማሁ ስኳር በሽታ ያዛት። ሚስማር የወጋው እግሯ አልድን አለ፤ ጠቆረ፣ ሸተተ። ወደ ሶሎሎ ሚሲዮን ሆስፒታል ተወስዳ የተበላሹትን ጣቶች ቆረጡላት። ዳኜ አንድ ጊዜ ሄዶ ጠየቃት፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። በሎሚ የራሰ መሐረብ አፍንጫው ላይ አድርጎ በር ላይ ቆመ። ማርጋሬት የምትባለው ነርስ «ካሪቡ፣ ግባ» ስትለው እግሩ አልንቀሳቀስ አለ። እታለማሁ አየችው።

«አትግባ ዳኙ፣ ከዚያው ሆነህ አጫውተኝ» አለች። «ሱቁ እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው እትዬ» አላት በመሐረቡ ውስጥ።

የጠየቃት ይኸው ነው። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እጁን በአልኮል ሲያሽ ነበር፤ ምንም ሳይነካ።

ከዚያ በጥር ማለቂያ ማርጋሬት ደወለች። እታለማሁ ወደ ቤቷ መግባት ትችላለች፤ ቁስሉ ገና ነው፣ ግን በየቀኑ እየተጠረገ ቤት ሆኖ ይድናል አለች። ስልኩን ለእታለማሁ ሰጠቻት።

«ለየካቲት ኪዳነምሕረት አድርሰኝ» አለችው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ቀርቼ አላውቅም። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

በሕዝብ መኪና ለመምጣት ሞክራ ነበር። ተሳፋሪዎቹ ገና ሳትቀመጥ አፍንጫቸውን ይዘው «ትውረድ» ብለው አስወርደዋታል። ይህን ለዳኜ የነገረችው ማርጋሬት ናት፤ እታለማሁ አልነገረችውም። እንግዲህ የቀረችው መኪና አንዲት ነጭ ፕሮቦክስ ናት።

ዳኜ ምን አለ? «ኤሲው ይሠራ እንጂ ነገውኑ እሄዳለሁ» አለ።

ያን ጊዜ አስፋልቱ ገና እየተሠራ ነበር። ወደ ሶሎሎ የሚወስደው መንገድ ተቆፍሮ፣ ዱቄት ሆኖ፣ አንድ ሎሪ ሲያልፍ ሰማይና ምድሩ አይለይም። «መስኮት ከፍቼ ያን ሁሉ አቧራ ቁስሏ ላይ ልነስንስ?» ይለኛል። «ወይስ በዚያ በረሃ ዘግቼ ላፍናት? አንተ የተማርክ ሰው ነህ ጋሼ፣ እስቲ ፍረድ።»

ምን ልፍረድ? ምክንያቱ እንከን አይወጣለትም። ሰው ማድረግ የማይፈልገውን ነገር ላለማድረግ የሚያቀርበው ምክንያት ሁልጊዜ እንከን የለሽ ነው፤ ንጽሕናው ራሱ ያስጠላል። የሚወደውን ነገር ለማድረግ ግን እንዲህ የተጣራ ምክንያት ያቀረበ ሰው አላየሁም። ስለ ሙቀቱም ስለ አቧራውም ሲያወራ ስለ ሽታው አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ስለዚህ ወደ ሻሪፍ ጋራዥ ተሄደ። ሻሪፍ በሄሉ መውጫ፣ በሀሊሞ ሻይ ቤት አጠገብ፣ ከአንድ ዋርካ ሥር የሚሠራ ፉንዲ፣ መካኒክ ነው። ዘይት የጠጣ መሬት፣ የተጣለ ጎማ ውስጥ የቆመ ውኃ፣ ውኃው ውስጥ የሚርመሰመስ የትንኝ እጭ። ዳኜ ከመኪናው ሳይወርድ መስኮቱን በጣት ስፋት አወረደ።

«ሙቅ ይተነፍሳል» አለ።

«ጋዝ አልቋል» አለ ሻሪፍ። ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም።

ሀሊሞ ከሻይ ቤቷ ደጃፍ ሰማች። አማርኛን የለመደችው ከሾፌሮች ነው፤ ጋዝ ሲባል የምታውቀው ፋኖስ ውስጥ የሚጨመረውን ነው። «ጋዝ?» አለች። «ዳኜ፣ መኪናህ ፋኖስ ናት እንዴ? ክብሪት ላምጣ?»

ሻሪፍ ሞላ። አየሩ ለጥቂት ደቂቃ ቀዝቀዝ አለ፤ ዳኜ ፈገግ ብሎ ሱቁ ጋ ሳይደርስ እንደገና ለብ አለ። በማግሥቱ ተመለስን። «ጋዝ አነሰ» አለ ሻሪፍ፤ ጨመረ። ጭራሽ ባሰበት። በሌላ ቀን ስንመለስ «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል» አለ። ሞተር አስነሥቶ ሲያበራው ግን ቀጭ ብሎ ያዘና መዞር ጀመረ።

«የሞተ ሰው እንዲህ አይዘልም» አልኩት።

«ምዋሊሙ፣ አንተ መጽሐፍ አንብብ፣ እኔ ጋሪ ልሥራ» አለኝ፤ በስዋሂሊው ምዋሊሙ መምህር፣ ጋሪ ደግሞ መኪና መሆኑ ነው። ሁለቱን ቧንቧ ነካ፤ አንደኛው መቀዝቀዝ ሲገባው ሁለቱም እጅ የሚያቃጥሉ ናቸው። ማራገቢያው ይዞራል፣ ሽቦው ደኅና ነው። ሻሪፍ ጺሙን አከከ። ከዚያ የማውቀውን ፊት አመጣ፤ የማያውቅ ሰው እንዳያፍር የሚያደርገውን ፊት። «ጋዙ መጥፎ ጋዝ ነው» አለ። «ከናይሮቢ ሌላ አዝዣለሁ። ትንሽ ጠብቅ።»

ዳኜ «እጠብቃለሁ» አለ። ፈጥኖ አለው። ቅር ያለው ሰው እንዲህ ፈጥኖ አይመልስም።

ሁለቱንም አየኋቸው። አንዱ አለማወቁን ይሸጣል፣ ሌላው በደስታ ይገዛዋል። መካከላቸው የቆመችው መኪና ሙቅ አየሯን ትተነፍሳለች፤ ሶሎሎ ላይ አንዲት ሴት በር በሩን ታያለች። ሄጄ ሀሊሞ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከወተቱ ላይ ዝንብ በጣቷ አውጥታ ሻዬን ቀዳችልኝ። ጠጣሁት። በዚያ ሰዓት ዝንቡ ከሁሉም የተሻለ ንጹሕ መስሎኝ ነበር።

የየካቲት አሥራ አምስት ጠዋት፣ ማለት የበዓሉ ዋዜማ፣ ዳኜ ራሱ መጥቶ ቀሰቀሰኝ። ሌሊቱን እታለማሁ ደውላ «ካልተመቸህ ተወው፣ እዚሁ ሆኜ እጸልያለሁ» ብላዋለች። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር መሰለኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል። ያም ሆኖ የነዳው ወደ ሶሎሎ ሳይሆን ወደ ሻሪፍ ነው።

መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ሀሊሞ ሻይ ቤት አዙሮ አቆማት። ሻሪፍ ሞተሩ እየሠራ ኮፈኑን ከፈተ። እኔ የፊት ወንበር ላይ ነኝ፤ ያ ለብ ያለ ትንፋሽ ፊቴ ላይ ነው። ዳኜ ወርዶ ልብሱ ዘይት እንዳይነካው እጁን ወደ ኋላ አጥፎ ቆሟል። ሀሊሞ እንደ ዕለት ልማዷ የጠዋቱን ኩባያና የግመል ወተት ዕቃ ያጠበችበትን ውኃ ይዛ ወጣች፤ የሻይ ቅጠል ያለበት፣ ስብ የተንሳፈፈበት፣ የኮመጠጠ ወተት የሚሸት እጣቢ። ሳታይ ከባልዲው ጥቂት አስቀርታ ወደ ፊት በተነችው። ግማሹ መሬት ላይ፣ ግማሹ የመኪናዋ ፊት ላይ አረፈ።

ዳኜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከነጩ ቀለም ላይ የሻይ ቅጠል ሲንሸራተት ቆሞ ያያል።

«ፖሌ፣ ይቅርታ ዳኜ» አለች ሀሊሞ። «ዋርካው መስሎኝ ነው። ሁልጊዜ የምደፋው እዚህ ነው።»

እኔ ግን ውስጥ ሆኜ ሌላ ነገር ደረሰብኝ። ፊቴ ላይ የነበረው ትንፋሽ ቀዘቀዘ። ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እውነተኛ ቅዝቃዜ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሞቀ።

«ሻሪፍ፣ ውኃው ሲያርፍበት ቀዘቀዘ» አልኩ።

«ምን?»

«ቀዘቀዘ እልሃለሁ። ሀሊሞ፣ ቀሪውን ድፊበት።»

«ጋሼ፣ አይደረግም» አለ ዳኜ።

ሀሊሞ ባልዲዋን እንደያዘች አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። «ልድፋ ወይስ አልድፋ? ወስኑ፣ ደንበኞች አሉኝ።» መልስ ሳትጠብቅ ደፋችው። እንደገና ቀዘቀዘ። ሻሪፍ እጁን በመስኮት አስገብቶ አየሩን ዳሰሰ። ከዚያ ከመኪናዋ ፊት ተንበረከከ። እንግዲህ ሙቀቱ የሚወጣበት በር ታፍኗል ማለት ነው፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው፣ ጋዙን የሚያቀዘቅዘው ክፍል ንፋስ አያገኝም። ይህን ለማወቅ ከመኪናዋ ፊት መንበርከክ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ያን ሁሉ ጊዜ ያልተንበረከከ ሰው የፊቱን ፕላስቲክ ፈትቶ አነሣ።

ውስጡ ጨርቅ ነበር።

መጀመሪያ ጨርቅ መሆኑም አያስታውቅም ነበር። አጎበር ነው፤ ለወባ ተብሎ በነጻ የሚታደለው ሰማያዊ አጎበር፣ ተቆርጦ፣ ተደርቦ፣ ዙሪያውን በጥሩ ክር ተሰፍቷል። በላዩ ላይ የሁለት ዝናብ ወራት ነፍሳት ተለጥፈዋል፤ የእሳት ራት፣ አንበጣ፣ የተጨፈለቀ ጥንዚዛ፣ የአንዲት ትንሽ ወፍ ክንፍ። አቧራው ከዝናቡ ጋር ተቦክቶ፣ ከሞተሩ ሙቀት ጋር ተጋግሮ ቅርፊት ሆኗል። አሁን ደግሞ የሀሊሞ እጣቢ ነፍስ ዘርቶበት ሽታው ተነሣ። እኔ ራሴ አፌን ያዝኩ።

«ይህን ማነው የሰፋው?» አለ ሻሪፍ።

«እኔ ነኝ» አለ ዳኜ። «ራዲያተሩ ላይ ሲፈርጡ ማየት አልችልም። ከፊት እንዳይታይ ብዬ ከውስጥ ሰፋሁት። ከዚያ ረሳሁት።»

ሻሪፍ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። «አጎበር አለበስካት? ወባ እንዳይዛት?»

«ሌሊት ትንኝ ስታስቸግራት ነዋ» አለች ሀሊሞ። «ክኒንም ትሰጣት ይሆናል።»

እኔ አልሳቅኩም። ያን ቅርፊት እያየሁ የማስበው ሌላ ነው። ይህ ሰው ቆሻሻን አላጠፋም፤ በዓይኑ ፈንታ መኪናዋ እንድትውጠው አደረገ። የሚጸየፈው ነገር ሁሉ በገዛ ስፌቱ ላይ ተጠራቅሞ፣ መተንፈሻዋን ዘግቶ፣ ሙቅ ሆኖ ፊቱ ላይ ሲመለስበት ከረመ። እሱም ጋዝ አልቋል ይላል። ስንቶቻችን እንዲህ ነን፤ ግን ስንቶቻችን እንዲህ መሆናችን ነገሩን ያነሰ አስጸያፊ አያደርገውም።

«አውጣው» አለው ዳኜ ሻሪፍን።

«እኔ አልነካም፣ ወንድሜ። የሰፋ ሰው ይፍታ።»

ዳኜ ከመኪናው ኪስ የላስቲክ ጓንት አውጥቶ አጠለቀ። ፊቱን አዙሮ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ክሩን በምላጭ አንድ በአንድ በጠሰው። ቅርፊቱ መሬት ላይ ሲወድቅ የሀሊሞ ዶሮዎች ተሻሙበት። ሻሪፍ የበዛውን ጋዝ አስተንፍሶ ሞተሩን አስነሣ። አየሩ እንደ ስለት ቀዝቃዛ ሆኖ ወጣ። ሦስታችንም እጃችንን ቀዳዳው ላይ አደረግን። ሰበብ ሲያልቅ እንዲህ ነው የሚቀዘቅዘው።

«እንግዲህስ?» አልኩት።

ጓንቱን አውልቆ ጣለው። «እንግዲህ ግባ» አለኝ።

እስከ ሶሎሎ ድረስ ብርድ ብርድ እያለን ሄድን። ውጭው የሚነድ ሜዳ ነው፤ ሎሪዎቹ የሚያነሡት አቧራ መስታወቱን እየመታ ይመለሳል፤ እኛ ውስጥ ሆነን ቅዝቃዜውን እንደ ጌታ እንተነፍሳለን። ዳኜ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። «በዚህ ቅዝቃዜ ሽታም አይነሣም፣ አይደል ጋሼ?» አለኝ። በመጨረሻ ሽታ የሚለው ቃል ከአፉ ወጣ።

እታለማሁ ልብሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከጠዋት ጀምራ እንዲህ እንደሆነች ማርጋሬት ነገረችን። እግሯ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል፤ ፋሻው ቢጫ አዝሏል። ሽታው ከበሩ ተቀበለን። ጣፋጭ ነገር የተቀላቀለበት ብስባሽ፣ ምላስ ሥር የሚቀመጥ። ዳኜ በሩ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ገባ። ማርጋሬት በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላው በኩል ይዘው አወጧት፤ ወደ ኋላ ወንበር ሲያስገቧት ፋሻው እጅጌውን ነካው። ላስቲኩ ላይ ጋቢ አንጥፎ እግሯን ዘረጋላት፣ በሩን ዘጋ፣ ወደ አጥሩ ጥግ ሄዶ አስታወከ። አፉን ተጉመጥምጦ ተመለሰና መሪውን ያዘ።

መኪናዋ ተነሣች። ቅዝቃዜው ሞላ። እውነትም ሽታው ጋብ አለ፤ ዳኜ ትከሻውን ሲያወርድ አየሁት። ዋናውን መንገድ ገና ሳንይዝ ከኋላ ድምፅ መጣ።

«ዳኙ።»

«አቤት እትዬ።»

«ይህ ንፋስ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ኤሲ ነው እትዬ። አሠራሁት። ላንቺ ብዬ።»

«እግዜር ይስጥህ። ዝጋልኝ።»

በመስታወቱ አያት። «ይሞቅሻል እኮ።»

«ይሙቀኝ። ቁስሌን ብርድ ካገኘው አልድንም። መስኮቱንም እንዳትከፍት፣ ንፋስ ይመታኛል።» ጋቢውን እስከ አገጯ ሳበች።

ብርድ ይመታኛል። አገሩ በእሳት እየነደደ፣ ሰውነቱ በላብ እየፈላ፣ ወገኔ የሚፈራው ብርድን ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሰማንያ ሰው ታፍኖ መስኮት የከፈተውን ሊደበድብ ይነሣል። የተማርኩት ትምህርት ይህን ፍርሃት ከአንድ ሰው ላይ እንኳ ሲያነሣ አላየሁም። ዳኜ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ዞርኩ። እጁ ቁልፉ ላይ ቆየ። ያን ሁሉ ጊዜ፣ ያን ሁሉ ጋዝ፣ ያን ሁሉ ሰበብ የፈጀበትን ነገር በአንድ ጣት ዘጋው። ቀጭ አለ፤ ጸጥ አለ።

ሽታው ተነሣ። በመጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ በሙሉ አካሉ መጥቶ ከእኛ ጋር ተቀመጠ። ላብ ከግንባራችን ይወርዳል፤ ላስቲኩ ከጀርባችን ይጣበቃል። እታለማሁ ሁሉንም ታያለች።

«ዳኙ፣ መሐረብህን አውጣና አፍንጫህን ያዝ» አለችው። «እኔ አልቀየምህም። እኔንም ይሸተኛል።»

«ጠፋብኝ እትዬ» አላት።

የሸሚዙ ኪስ ውስጥ አጣጥፎ ያስቀመጠው መሐረብ ጫፉ ይታያል፤ የሎሚው ሽታ እንኳ ይመጣል። እሷም ከኋላ ሆና በመስታወቱ ታየዋለች።

«ይጠፋ እንግዲህ» አለች፤ ስቃ ዓይኗን ጨፈነች።

ለሄሉ ጥቂት ሲቀረን ኦዳ የምትባል መንደር ስንደርስ ፀሐይዋ ዞራለች፤ እታለማሁ አንቀላፍታለች። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ስለ መጸየፍ ዕድሜ ልኬን ያሰብኩት ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ንጹሕ አየር ቢለውጡልኝ የምሰጠው ነበር። እሷን ሳላነቃ የመስኮቱን ቁልፍ ተጫንኩ፤ መስታወቱ በጣት ስፋት ወረደ። የደጋ መዓዛ ያለው ቀጭን ነፋስ ገባ።

ዳኜ ከመንገዱ ላይ ዓይኑን አላነሣም።

«ጋሼ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዝጋው። እትዬን ብርድ ይመታታል።»

ዘጋሁት።